ሞተረኛ ሁሉ ወንበዴ ነው እንዴ?

ጎበዝ፣ ዛሬ ስለ ምሳ እናውራ። ስለ ተራ ምሳ ግን አይደለም። እሁድ ረፋዱ ላይ ከወልድያ ሞተር አስነስተን፣ ሲሪንቃን አልፈን፣ መርሳ ድረስ ወርደን እንበላው ስለነበረው ምሳ ነው። መንገዱ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ይህን ሁሉ ነዳጅ አቃጥለን የምናዘው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሽሮ ነው። «ወልድያ ሽሮ ጠፍቶ ነው?» የሚሉን ነበሩ። አልጠፋም። እንዲያውም የሰፈራችን ሽሮ ይሻላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደህና በነበርንበት ጊዜ ሰባት ሞተር እንሆን ነበር። ቦክሰር አለ፣ አፓቼ አለ፣ ከአንድ መሥሪያ ቤት በጨረታ የተገዛች የእኛን ዕድሜ የምታክል ያማሃም ነበረች። (እሷ ስትነሳ ሰፈሩ ሁሉ ይነሳል።) ክለብ ነን እንላለን እንጂ ማኅተምም ሊቀመንበርም የለንም። ከወልድያ ወጥተን ወደ ሀብሩ ስንወርድ ብርዱ እየለቀቀ ይሄዳል፤ ሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከሉ ጋ ስንደርስ የጃኬት ዚፕ ይከፈታል፤ መርሳ ስንገባ በወቅቱ ከሆነ ማንጎውና ፓፓያው መንገድ ዳር ተደርድሮ ይጠብቀናል። ሽሮ የምናዘውም በምክንያት ነው። ግማሾቻችን ሙስሊም፣ ግማሾቻችን ክርስቲያን ነን። ወሎ ውስጥ ሁሉ ነገር አብሮ ነው፣ ሥጋ ላይ ሲደርስ ግን ሁሉም የየራሱን ነው የሚበላው። ስለዚህ አንድ ትሪ ከበን ለመብላት ሽሮ እናዛለን፤ ከሐይቅ ዓሣ የመጣ ቀን ደግሞ ዓሣ። የምግብ ቤቱ ባለቤት እትዬ ይህን ስለሚያውቁ ገና የሞተር ድምፅ ሲሰሙ ሽሮውን ይጥዳሉ። ቡናውን እስከ በረካ ጠጥተን ፀሐይ ሳትጠልቅ እንመለሳለን። ወንጀላችን ይሄው ነው።

ወንጀል ያልነው ወደን አይደለም። እዚህ አገር ሞተር የተፈቀደለት ሥራ አለ። የግብርና ባለሙያው ከቀበሌ ቀበሌ ይዞርበታል፣ የጤና ሠራተኛው ክትባት ያደርስበታል። ያኔ ሞተሩ የልማት መሣሪያ ነው። ያው ሞተር እሁድ ቀን ለደስታ ሲወጣ የዱርዬ መሣሪያ ይሆናል። ሰዎች በላንድክሩዘር መርሳ ወርደው ምሳ ቢበሉ ሽርሽር ነው፤ ኬላ ላይ ሰላምታ ተሰጥቷቸው ያልፋሉ። እኛ ስንመጣ ግን «ምን ይዛችኋል? ለምን ተሰብስባችሁ?» ይከተላል። የያዝነው ረሃብ ነው፣ አለቃ!

ይህ አስተሳሰብ የእኛ ከተማ ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ልዩ ፈቃድ ካላቸው በስተቀር ሞተር ሳይክል በከተማዋ እንዳይንቀሳቀስ ከልክላ ነበር። ምክንያቱ በሞተር የሚፈጸም ወንጀል ነው ተባለ። ወንጀሉ ውሸት አልነበረም። በጠራራ ፀሐይ ስልካቸውን በሞተረኛ የተመነተፉ ጓደኞች አሉን። ግን እስቲ ይታያችሁ፤ ሌባ በሚኒባስ ቢያመልጥ ሚኒባስ ይታገዳል? ኪስ አውላቂ ሮጦ ቢያመልጥ ጫማ ይከለከላል? ሞተር እኮ ታርጋ አለው፣ ሊብሬ አለው፣ ነጂውም መንጃ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። ታርጋ የሌለውን መያዝና ታርጋውን በጭቃ የሸፈነውን መቅጣት ሥራ ይጠይቃል። ለማገድ ግን አንድ መግለጫ ይበቃል። እኛ ስንሰንፍ ስንፍና ይባላል፣ አስተዳደር ሲሰንፍ «እርምጃ» ይባላል።

«የእናንተ አካባቢ ግን ይለያል» የሚለን አይጠፋም። ልክ ነው፣ ይለያል። ወልድያ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 በሕወሓት ኃይሎች እጅ ቆይታለች። ከ2015 ክረምት ወዲህ ደግሞ በመንግሥት ኃይሎችና በፋኖ መካከል ውጊያው መጣ። በዚህ መሀል ኬላ ላይ የቆመ ወታደር ሰባት ሞተር ተከታትሎ ሲመጣበት ቢደነግጥ አንፈርድበትም። እሱን ብንሆን እኛም እንደነግጣለን። ተኩስ በተሰማ ቀን «ዛሬ ሞተር አይንቀሳቀስ» ቢባል ጸብ የለንም። የቡድን ጉዞውንም ራሳችን ትተነዋል፤ ሽሮ የሰው ሕይወት አያክልም። ጸባችን ቀን ካልተቆረጠለት እገዳ ጋር ነው። ለጊዜው ነው ተብሎ ይገባል፣ ማን እንደሚያነሳው ግን አይታወቅም። የእኛ ሽርሽር ይቅር እንበል። በሞተር ሰው አመላልሶ እናቱን የሚያኖረው ልጅስ? ምጥ የያዛት ሴት ከገጠር ቀበሌ ጤና ጣቢያ የምትደርሰውስ በምንድን ነው?

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ፤ ጣት ቀስሮ ብቻ መቅረት ነውር ነው። ሄልሜት ለእኛ ምን ነበር? የክርን ጌጥ! ክርናችን ላይ አንጠልጥለነው እንነዳለን፤ ትራፊክ ከሩቅ ሲታይ እናጠልቃለን፣ ሲያልፍ እናወልቃለን። አንድ እሁድ ከመርሳ ስንመለስ አንዱ ወንድማችን ሲሪንቃ አካባቢ ጠጠር ላይ ተንሸራቶ ወደቀ። ሁለት ቢራ ጠጥቶ ነበር፤ ሁላችንም አይተን ዝም ብለናል። ሄልሜቱ ክርኑ ላይ ነበር። ክርኑ ምንም አልሆነም። ተርፏል፣ ተመስገን፤ ግን እስከ ዛሬ ስማችንን ከመጥራቱ በፊት ቆም ብሎ ያስባል። እናቱ አንድ ቀን እንኳን ወቅሰውን አያውቁም። ቢወቅሱን ይሻለን ነበር።

በዚያን ቀን መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ አስቁመውን ነበር። መታወቂያ ታየ፣ ቦርሳ ተበረበረ። «ራሳችሁ ላይ ለምን ምንም የለም?» ያለን ግን አልነበረም።

የምንጮኸው ለዚህ ነው። ብዙ ጥናቶችን አሰባስቦ የመረመረው የኮክሬን ግምገማ ሄልሜት የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ፣ ሞትን በ42 በመቶ እንደሚቀንስ አግኝቷል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት መሠረት ደግሞ በዓመት 1.19 ሚሊዮን ሰው በመንገድ አደጋ ይሞታል፤ ከዚህ ውስጥ 30 በመቶ ያህሉ ባለሁለትና ባለሦስት እግር ሞተር ላይ የነበሩ ናቸው። እኛን የሚገድለን አስፋልቱ ሆኖ ሳለ ሁሉም የሚፈትሸው ኪሳችንን ነው።

ሌላ ዘዴ አልነበረም እንዳይባል አንድ የሩቅ አገር ወሬ እንንገራችሁ። ለንደን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ የቆዳ ጃኬት የለበሱ ሞተረኞች ኤስ ካፌ በሚባል መንገድ ዳር ምግብ ቤት ይሰበሰቡ ነበር። ስማቸው እንደኛው ዱርዬ ነው። ቢል ሼርጎልድ የሚባሉ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ቄስ፣ ራሳቸውም ሞተር የሚነዱ፣ እየፈሩ እየቸሩ እዚያው ካፌ ድረስ ሄደው ልጆቹን ጋበዟቸው። በ1962 በቤተ ክርስቲያናቸው ሞተረኞቹን ከነሞተራቸው ባረኩ። ፊፍቲ ናይን ክለብ የተባለው ማኅበራቸው እስከ ዛሬ አለ። ወሎ መራቂ አጥቶ አያውቅም። አንድ ሸህና አንድ ቄስ ከመውጫው ላይ ቆመው መርቀው ቢሸኙን፣ በዚያው «ሄልሜታችሁን አጥልቁ» ቢሉን፣ ከትራፊክ ይልቅ እነሱን እንሰማ ነበር።

እንግዲህ ለከተማችን ኃላፊዎች፦ ታርጋ እዩ፣ መንጃ ፈቃድ እዩ፣ ከቦርሳችን በፊት ራሳችንን እዩ። ስታግዱ የሚያበቃበትን ቀን ጻፉበት። ለሞተረኛው ደግሞ፦ የሚጠጣ ሰው ቁልፉን ለእትዬ ሰጥቶ በሚኒባስ ይመለሳል። ሞተሩ እዚያው ቢያድር ማንም አይነካውም፤ እሳቸው ከአጥር ይበልጣሉ።

በቅርቡ ደውለውልን ነበር። «የት ጠፋችሁ ልጆቼ? ሽሮ ለማን ልጣድ?» አሉን። መንገዱ ደህና ሲሆን እንመጣለን ብለናቸዋል።