ከመቶ አምስት፦ የትሪኒዳድ ሙስሊሞችን ያቆየው ምንድን ነው?



ውድ ወንድሞችና እህቶች! የሕዝብ ቆጠራ ወሬ በተነሳ ቁጥር ወጣቶቻችን "እኛ ስንት ፐርሰንት ነን?" በሚል ክርክር ሌሊቱን ያነጋሉ። ቁጥር ዋጋ የለውም አንልም፤ በትክክል መቆጠር መብት ነው። ግን ቁጥር ብቻውን ማህበረሰብን እንደማያቆይ የምታሳይ አንዲት የካሪቢያን አገር አለች። ትሪኒዳድና ቶቤጎ ትባላለች። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

አገሪቱ ከቬንዙዌላ ጠረፍ አጠገብ ያሉ ሁለት ደሴቶች ናት። በ2011 ቆጠራ ሕዝቧ 1.3 ሚሊዮን ገደማ ነበር፤ የአዲስ አበባን እንኳ አያክልም። 35 ከመቶ ያህሉ ከህንድ፣ 34 ከመቶ ያህሉ ከአፍሪካ የዘር ሐረጉን ይመዝዛል፤ 23 ከመቶ ያህሉ ደግሞ ቅይጥ ነው። በዘር ከግማሽ በላይ ነኝ የሚል የለም። ሙስሊሙ 5 ከመቶ ብቻ ነው። እንዲህም ሆኖ ዒደል ፊጥር በመላ አገሪቱ ሥራ የሚዘጋበት ብሔራዊ በዓል ነው።

እነዚህ 5 ከመቶዎች ከየት መጡ? ብዙ ሰው "ከህንድ" ይላል። ነገር ግን ቀድመው የደረሱት ከምዕራብ አፍሪካ በባርነት ተግዘው የመጡ ሙስሊሞች ናቸው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በዋና ከተማዋ በፖርት ኦፍ ስፔን የማንዲንጎ ሙስሊሞች ጀማዓ ነበር። መሪያቸው ጆናስ ሙሐመድ ባዝ ይባል ነበር። ነፃ የወጡት ገንዘብ እያዋጡ በባርነት ላይ ያሉ ወንድሞቻቸውን ነፃ ያወጡ ነበር። ሱብሃነላህ! በ1830ዎቹ ወደ አፍሪካ እንዲመለሱ ለእንግሊዝ መንግሥት አቤት አሉ፤ አልተፈቀደላቸውም። ከጊዜ በኋላ ያ ጀማዓ ከሰመ። ጥፋቱ የእነሱ አልነበረም። ባርነት ስምን ይቀይራል፤ ባልን ከሚስት፣ ልጅን ከአባት ይለያል። አባት ለልጁ ፋቲሓ የሚያስቀራበት ሁኔታ ከጠፋ፣ ኢማኑ የጠነከረ ትውልድ እንኳ ዲኑን ለልጅ ልጆቹ ማድረስ ይከብደዋል።

ባርነት ከቀረ በኋላ የሸንኮራ አገዳ እርሻ ባለቤቶች ሠራተኛ አጡ። ግንቦት 30 ቀን 1845 "ፈትል ረዛቅ" የተባለችው መርከብ ከ200 በላይ ህንዶችን ይዛ ደረሰች። እስከ 1917 ድረስ ከ140 ሺህ በላይ ህንዶች በኮንትራት መጡ። አብዛኞቹ ሂንዱዎች ሲሆኑ ሙስሊሞቹ ጥቂት ነበሩ። የኮንትራት ኑሮ ምን ያህል መራራ እንደሆነ ወደ ዐረብ አገር የሄደ ዘመድ ያለው ሰው መገመት አያቅተውም። ነገር ግን ትዳር መመሥረት፣ ልጅ ማሳደግና አብሮ መስገድ ቻሉ። ውላቸውን ሲጨርሱም ብዙዎቹ መሬት ይዘው መንደር መሠረቱ።

መንገዱ ግን አልጋ በአልጋ አልነበረም። በኒካሕ የተጋቡበትን ትዳር ሕጉ እስከ 1930ዎቹ ድረስ ዕውቅና አይሰጠውም ነበር። ትምህርት ቤቱም የሚሲዮን ነበር። ከ1868 ጀምሮ ከካናዳ የመጡ ፕሬስቢቴሪያን ሚሲዮናውያን ለህንድ ልጆች ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ ከተማሩት መካከል ሃይማኖቱን የቀየረው ብዙ ነው። ሙስሊሞቹ ምን አደረጉ? ልጆቻቸውን ከትምህርት አላስቀሩም። በየመንደሩ ቁርኣን አስቀሩ፣ መስጂድ ሠሩ፣ ማህበር አቋቋሙ፣ የትዳር ሕጉ እንዲስተካከል ታገሉ፤ በኋላም የራሳቸውን መደበኛ ትምህርት ቤቶች ከፈቱ።

የዚህን ፍሬ በአንድ ሰው እንየው። ኑር ሐሰንዓሊ በ1918 ተወለዱ። የተማሩት ናፓሪማ ኮሌጅ በተባለው በዚያው የሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። ዲናቸውን እንደያዙ ዳኛ ሆኑ፤ ከ1987 እስከ 1997 የአገሪቱ ፕሬዝዳንት ነበሩ። በአሜሪካ አህጉራት የመጀመሪያው ሙስሊም ርዕሰ ብሔር ናቸው። በቤተ መንግሥታቸው ግብዣ መጠጥ አይቀርብም ነበር። 95 ከመቶው ሙስሊም ያልሆነ ሕዝብ አከበራቸው።

ሌላውንም አንደብቅም። በእሳቸው ዘመን፣ ሐምሌ 27 ቀን 1990፣ ያሲን አቡ በክር የሚመሩት ቡድን መሣሪያ ታጥቆ ፓርላማውንና ቴሌቪዥን ጣቢያውን ያዘ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሳይቀሩ ታገቱ። በስድስት ቀን ውስጥ ከ20 በላይ ሰው ሞተ። ፍርድ አዋቂው ሐሰንዓሊም፣ መሣሪያ ያነሱትም፣ ሁለቱም ከዚያው 5 ከመቶ ውስጥ ይቆጠራሉ። ቆጣሪው ሁለቱን እኩል "አንድ፣ አንድ" ብሎ ይመዘግባል። የአገሬው ሕዝብ ግን ሙስሊሙን የሚያውቀው በሥራው ነው።

እንግዲህ ወንድሞች! ስለ ፐርሰንት ስንከራከር ከምናድረው ሰዓት ጥቂቱን ለሌላ ቆጠራ እናውለው። በሰፈራችን መድረሳ ስንት ልጆች ይቀራሉ? የኡስታዙ ደመወዝ በወቅቱ ይከፈላል? መደበኛ ትምህርቱን አቋርጦ የቀረ ልጅ አለ? ጎረቤታችን ስለ ሙስሊም ሲጠየቅ የእኛን ስም በበጎ ያነሳል? መልሱ የሚያኮራ ካልሆነ፣ 5 ከመቶም ሆንን 50 ከመቶ፣ ለልጆቻችን የምናወርሰው ቁጥሩን ብቻ ይሆናል።

አላህ ዲናቸውን ተምረው ከሚያስተምሩ፣ ለአገራቸውም ከሚጠቅሙ ባሮቹ ያድርገን። ኣሚን።