የበርናቢ ነዋሪዎች ጥያቄ ተገቢ ነበር

እ.ኤ.አ. በ2014 በካናዳ፣ ከቫንኩቨር አጠገብ ባለው የበርናቢ ተራራ ጥብቅ ደን ከመቶ በላይ ሰዎች ታሰሩ። የታሰሩት ኪንደር ሞርጋን የተባለው ኩባንያ የትራንስ ማውንቴን የነዳጅ ቧንቧን ለማስፋፋት የሚያካሂደውን የጥናት ቁፋሮ በመቃወማቸው ነው። የበርናቢ ከተማ ደንብ በደኑ ውስጥ ዛፍ መቁረጥን ቢከለክልም፣ የአገሪቱ የኢነርጂ ቦርድ ደንቡ ኩባንያውን እንደማያግደው ወሰነ። ነዋሪው በመረጠው ምክር ቤት በኩል ያስከበረውን ደን ማንም ከላይ ሆኖ የሚሽረው ከሆነ፣ «ጥብቅ» የሚለው ስም ከወረቀት አያልፍም።

ቧንቧው ለሀገር ይጠቅማል፣ ቁፋሮውም በተራራው ሥር ዋሻ ለማውጣትና ዛፎቹን ለማትረፍ ነው የሚል መከራከሪያ ቀርቧል። ዋሻው ዛፍ እንደሚያተርፍ አልክድም። የነዋሪው ስጋት ግን ከዛፍም ያልፋል፤ እዚያው በርናቢ እ.ኤ.አ. በ2007 የቁፋሮ ማሽን ይህንኑ ቧንቧ መትቶ ድፍድፍ ነዳጅ በመኖሪያ ቤቶች ላይ ተረጭቷል፤ የቧንቧው የነዳጅ ዴፖም ከተራራው ሥር ነው። የሀገር ጥቅም ሲሰላ ይህም መቆጠር አለበት። ወጪውም ቀላል አይደለም፦ የካናዳ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2018 ቧንቧውን በ4.5 ቢሊዮን የካናዳ ዶላር ገዛ፤ ማስፋፊያው እ.ኤ.አ. በ2024 ሲያልቅ 34 ቢሊዮን ገደማ ፈጅቷል። ይህን ሁሉ የሚከፍለው ሕዝብ፣ መጋዙ ከመነሳቱ በፊት ሊደመጥ ይገባው ነበር።