«የአባቴን ቤት አሳዪኝ» ስትልሽ

ሰሞኑን ከደረሱን ደብዳቤዎች አንዱ ከተለመደው የፍቅር ጉዳይ ወጣ ያለ ነው። ግን ክብደቱ ከዚያ የሚያንስ ሆኖ ስላላገኘነው ለዛሬ እሱን መርጠናል። አሳጥረን እናቅርበው።

«ዕድሜዬ 23 ነው። ተወልጄ ያደግሁት ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ ሲሆን ሰፈራችን በ2016 ዓ.ም. ሲፈርስ ከነቤተሰቤ ከተማው ዳር ያለ ኮንዶሚኒየም ገብተናል። በቅርቡ የአጎቴ ልጅ ከአሜሪካ ትመጣለች። አጎቴ በ1970 ዓ.ም. በሱዳን በኩል እንደወጣ አልተመለሰም፤ አምና እዚያው አረፈ። ልጁ አገሩን አታውቀውም፣ አማርኛዋም እንደነገሩ ነው። በስልክ ‹ሌላ ምንም አልፈልግም፣ አባቴ ያደገበትን ቤት አሳዪኝ› ትለኛለች። ቤቱ እንደሌለ አልነገርኳትም፤ አፌ እምቢ አለኝ። አባቷ እስኪሞት ድረስ ስለዚያ ግቢ ሲያወራላት ነው የኖረው። አሁን ያሰብኩት ብር ተበድሬ አምስቱንም ቀን ትልልቅ ሆቴልና ሞል እያዞርኩ ላስረሳት ነው። ምን ትመክሩኛላችሁ?»

ውድ እህታችን፣ በመጀመሪያ ብድሩን ተዪው። ሞልና ሆቴል እሷ ባለችበት አገር ሞልቷል። ያን ሁሉ ባሕር አቋርጣ የምትመጣው ሊፍት ልትወጣ አይደለም። ብሩን ተበድረሽ ብታዞሪያትም ሁለተኛው ቀን ላይ «ቤቱስ?» ማለቷ አይቀርም። ያኔ ምን ልትዪ ነው?

ሁለተኛው ነገር፣ ከመሳፈሯ በፊት ንገሪያት። እውነትና ንጋት እያደር መጥራቱ አይቀርም፤ አንቺ ብትደብቂ ገና ከኤርፖርት ስትወጡ ባለ ታክሲው ይነግራታል። በእኛ አገር መርዶ የሚነገረው ደግሞ ለብቻ አይደለም፣ በሰው መካከል ነው። ስለዚህ እናትሽ አጠገብሽ ትኑር፣ ስልኩን በጋራ ደውሉ። «ቤቱ ፈርሷል፤ ቦታውን ግን አሳይሻለሁ፣ አባትሽን የሚያውቁ ሰዎችም አሉ» በያት። ታለቅስ ይሆናል። ታልቅስ፤ አውቃ ስትመጣ ሐዘኗ ተታለልኩ ከሚል ቅሬታ ጋር አይደባለቅባትም። የአባቷን የድሮ ፎቶዎችም ይዛ እንድትመጣ አደራ በያት። በኋላ ያስፈልጓችኋል።

አሁን ወደ አምስቱ ቀን እንምጣ።

የመጀመሪያው ቀን የዕረፍት ይሁን። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ከዝቅተኛ ቦታ ለሚመጣ ሰው ትንፋሽ ማጠሩና ራስ ምታቱ ያለ ነው። እንደመጣች እንጦጦ ዳገት ላይ እንዳታወጫት! ቤት ቡና አፍሉላት። «ኮንዶሚኒየማችን ጠባብ ነው» ብለሽ አትፈሪ፤ እንግዳ የሚጠበው ፊት ሲጠበው ነው። ከሰዓት በኋላ ድካሙ ካልበረታባት ፍልውሃ ወስደሽ ታጠቡ። ፊንፊኔ የሚለው ስም ከዚህ ፍልውሃ ጋር የተያያዘ ነው፤ እቴጌ ጣይቱም በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ያሏት ከዚሁ አካባቢ ተነስተው ነው። ከተማዋን ከመነሻዋ መጀመር ማለት ይኼ ነው።

ሁለተኛው ቀን ፒያሳ ነው፤ አታዘግዪው። በጠዋት አራዳ ጊዮርጊስ ግቡ። ስምንት ማዕዘኑ ቤተ ክርስቲያን ከዐድዋ ድል በኋላ የተሠራ ነው፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. የተቀቡትም እዚያ ነው። አባቷ በልጅነቱ በዚያ በር ሳያልፍ አልቀረም። ስትወጡ የዳግማዊ ምኒልክን ሐውልት አሳያት። ጣሊያን ነቅሎት ነበር፤ ከ1933ቱ ነፃነት በኋላ ተመልሶ ቆመ። በየካቲት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው የዐድዋ ድል መታሰቢያም እዚያው አጠገብ ስለሆነ ግቡና ጎብኙ።

ከዚያ የምትፈሪው ይመጣል። ሰፈሩን ካንቺ የተሻለ የሚያውቅ አስጎብኚ የለም። ከቤተ ክርስቲያኑ በር ተነስተሽ በእግርሽ ምሪያት። «እዚህ ጋ ሱቅ ነበር፣ እዚህ ጋ ቧንቧ፣ በዚህ ቅያስ እንታጠፍ ነበር» እያልሽ ሂጂ። ቦታው ጋ ስትደርሱ ዝም በዪ፤ ማስረዳት አታብዢ፣ ይቅርታም አትጠይቂ፣ ያፈረስሽው አንቺ አይደለሽም። ፎቶውን ታውጣና አባቷ የት ጋ ቆሞ እንደተነሳ ሁለታችሁም ፈልጉ።

ሦስተኛው ቀን ቀለል ይላል። ከአምስት ኪሎ እስከ እንጦጦ መንገዱ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ስለሆነ በሚኒባስ እየወረዱ እየወጡ መጎብኘት ይቻላል። በብሔራዊ ሙዚየም ጀምሩ። ድንቅነሽ በኅዳር 1967 ዓ.ም. ሐዳር የተገኘች፣ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ናት። ስድስት ኪሎ ላይ የየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልት አለ፤ በ1929 ዓ.ም. የግራዚያኒ ሰዎች የጨፈጨፉት ሕዝብ መታሰቢያ ነው። ፊት ለፊቱ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ድሮ ገነተ ልዑል የተባለው ቤተ መንግሥት ዛሬ ሙዚየም ሆኗል፤ የንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ቤት ሳይቀር ይታያል። ትንሽ ከፍ ስትሉ ሽሮ ሜዳ ትደርሳላችሁ፤ ነጠላና ቀሚስ የምትገዛ ከሆነ እዚያ ነው። ዋጋውን አንቺ ተከራከሪ፣ እሷ አፏን ከከፈተች በእጥፍ ነው! መጨረሻ ላይ እንጦጦ። ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. የነገሡባትን እንጦጦ ማርያምን አይታችሁ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር ከተማውን ቁልቁል እዩት።

አራተኛው ቀን ጠዋት መስቀል አደባባይ አጠገብ ያለውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም አሳያት። በ2002 ዓ.ም. የተከፈተ ነው። በአንድ ዘመን የተገደሉ ወጣቶች ፎቶ ግድግዳውን ሞልቶታል። አባቷ በ1970 ዓ.ም. ለምን እግሬ አውጪኝ እንዳለ ከማንም በላይ ያ ግድግዳ ይነግራታል። ከዚያ በኋላ ሌላ ፕሮግራም አትደርድሪ። ቁጭ ብላችሁ ማኪያቶ ጠጡ።

አምስተኛውን ቀን ለሰው ተዪው። የአጎትሽ ሞት ሲሰማ እዚህ ልቅሶ የደረሰው ማነው? የሰፈሩ ሰው ተበትኗልና ብዙዎቹ አልሰሙም ይሆናል። የድሮው እድራችሁ ዛሬም ካለ ዳኛውን ወይም ጸሐፊውን አሁኑኑ ፈልጊ፤ ከሌለም የድሮ ጎረቤቶችን ስልክ ከእናትሽ ሰብስቢ። አጎትሽን በልጅነቱ የሚያውቁትን አዛውንቶች እሑድ ቡና ጥሪያቸው። «የእገሌ ልጅ ነሽ?» ብለው አገላብጠው ሲስሟት፣ አባቷ ኳስ ሲጫወት የማንን መስኮት እንደሰበረ ሲያወሩላት፣ የጠየቀችሽን ቤት ያን ጊዜ አሳየሻት ማለት ነው። ስልክሽን አውጥተሽ ድምፃቸውን ቅጂላት። ይዛው የምትሄደው ስጦታ እሱ ነው።

ጥቂት ማሳሰቢያ። የሙዚየም መግቢያ ለኢትዮጵያዊና ለውጭ ዜጋ ዋጋው ሊለያይ ስለሚችል የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ካላት ትያዝ፤ የሚከፈትበትን ሰዓትም ቀድመሽ ጠይቂ። በቤተ መንግሥት አካባቢና በወታደር ፊት ካሜራ አታውጡ። መርካቶ ከሄዳችሁ ስልክ ኪስ ውስጥ ሳይሆን ደረት ላይ ባለ ቦርሳ ይሁን። ጥሬ ሥጋና የቧንቧ ውሃ ለሆዷ አዲስ ነውና «ቅመሺ ቅመሺ» ብለሽ አታስጨንቂያት።

ሌሎቻችሁስ? «የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ፣ አራዳ ነኝ» እያላችሁ ድንቅነሽን በቴሌቪዥን ብቻ የምታውቁ ስንት ናችሁ? እንግዳ እስኪመጣ አትጠብቁ። ወላጆቻችሁ የተወለዱበት ሰፈር ዛሬም ካለ በሚቀጥለው እሑድ አብራችኋቸው ሂዱና አስጎብኙን በሏቸው።

እህታችን፣ እንዴት እንዳለፈ ጻፊልን። ቸር ይግጠመን!