በእጃችን ያለ ሙያ፦ ቢላዋም እንግዳ ነው



ባለፈው ሳምንት ውኃ አፍልቶ ስለ መጠጣት አንብበናል፡፡ ዛሬ ስለ እንሰት እናነባለን፡፡ በሀድይኛ ዌሳ ስለምትሉት ተክል ማለት ነው፡፡

በሌሞ እንሰት የሌለበት ጓሮ ማግኘት ይከብዳል፡፡ ቆጮው፣ ቡላው፣ አሚቾው ከእርሱ ነው፡፡ ቃጫው ገመድ ይሆናል፡፡ ቅጠሉ ለከብት መኖ ነው፡፡ ዝናብ ሲጠፋ እንሰት ያለው ቤት ቶሎ አይራብም፡፡

እኔ ያደግሁት ጤፍ በሚበላበት አገር ነው፡፡ ስለዚህ ስለ እንሰት አብዛኛውን የተማርኩት ከእናንተ ነው፡፡ አንዱን ትምህርት ግን ያገኘሁት በራሴ ስሕተት ነው፡፡ እሱን ልንገራችሁ፡፡

የመማሪያ ዳሳችን ጣራ ያፈስ ነበር፡፡ ቢላዋ ተዋስኩና የእንሰት ቅጠል ልለምን ወጣሁ፡፡ በመጀመሪያው ጓሮ አንድ እንሰት መሐል ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ጠውልጓል፡፡ እኔ ምን አውቄ! ከጤነኛውም ከጠወለገውም ቆረጥኩ፡፡ ከዚያ ሁለተኛ ጓሮ ገባሁ፡፡ እዚያም ቆረጥኩ፡፡

ሦስተኛው ጓሮ የአንዲት እናት ነው፡፡ በማታው ክፍል ተማሪዬ ናቸው፡፡ አጥሩ በር ላይ አቆሙኝ፡፡

«ልጄ፣ ይህ ቢላዋ ከየት መጣ?»

የዞርኩበትን ነገርኳቸው፡፡ አልተቆጡም፡፡ ቢላዋውን ተቀብለው ወደ ቤት ገቡ፡፡ አጥበው ምድጃው ላይ እያገላበጡ አቆዩት፡፡ እጅ የማያስነካ እስኪሆን ጋለ፡፡ ሲበርድ መለሱልኝና እንዲህ አሉ፦

«እንግዳ ሲመጣ እግሩን እናጥባለን አይደል? ቢላዋም እንግዳ ነው፡፡»

ሁለት ወር ያህል አለፈ፡፡ በሁለተኛው ጓሮ አራት እንሰት ጠወለገ፡፡ ቤተሰቡ ለሚቀጥለው ዓመት ያሰበው እንሰት ነበር፡፡ በሽታው በእኔ ቢላዋ ይግባ በሌላ መንገድ፣ ማንም አልወቀሰኝም፡፡ ያልታጠበ ቢላዋ ይዤ የገባሁት ግን እኔ ነኝ፡፡ የእኚያ እናት እንሰት ደግሞ እስከ ዛሬ ደህና ነው፡፡

በሽታው ምንድን ነው?

ስሙ አጠውልግ ነው፡፡ የሚያመጣው ባክቴሪያ ነው፡፡ ባክቴሪያ በዓይን የማይታይ ትንሽ ሕይወት ያለው ነገር ነው፡፡ ዳኛቸው ይርጉ የተባሉ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ብራድበሪ ከተባለ ባለሙያ ጋር ሆነው ይህን ባክቴሪያ እ.ኤ.አ. በ1968 በጽሑፍ ለዓለም አስታወቁ፡፡ ሙዝ የእንሰት ዘመድ ስለሆነ በሽታው ሙዝንም ይይዛል፡፡ እ.ኤ.አ. በ2001 ዩጋንዳ ገብቶ ብዙ የሙዝ እርሻ አጥፍቷል፡፡ እዚያም ከጓሮ ወደ ጓሮ ካሻገሩት ነገሮች አንዱ ያልጸዳ ቢላዋ ነው፡፡

ምልክቱ እንዲህ ነው፡፡ መጀመሪያ መሐል ያለው ለጋ ቅጠል ቢጫ ይሆናል፤ ይጠወልጋል፡፡ ከዚያ ሌሎቹ ይከተላሉ፡፡ ግንዱ ሲቆረጥ ቢጫ የመሰለ ዝልግልግ ፈሳሽ ያወጣል፡፡ ይህ ፈሳሽ ቢላዋ ላይ ይቀራል፡፡ በቢላዋው ጤነኛ እንሰት ሲቆረጥ በሽታው በቁስሉ ይገባል፡፡

የታመመ እንሰት የሚያድን መድኃኒት የለም፡፡ መከላከል ግን ይቻላል፡፡ ገንዘብም አይጠይቅም፡፡

ምን እናድርግ?

1. ቢላዋ ከጓሮ ወደ ጓሮ ሲሻገር እናጥበው፤ እጅ የማያስነካ እስኪሆን እሳት ላይ እናግለው፡፡ የታመመ እንሰት ከነካ ደግሞ ሌላ ሳይነካ ወዲያው እናግለው፡፡ በረኪናም ይሠራል፤ ነገር ግን እሳት በየቤቱ አለ፡፡

2. የታመመውን እንሰት ከነአሚቾው ነቅለን ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ እንቅበረው፡፡ የቆፈርንበትንም ዶማ እናጽዳ፡፡

3. የታመመውን ቅጠል ለከብት አንስጥ፡፡ ከብት ወደ ታመመው ጓሮ እንዳይገባ እንጠር፡፡

4. ችግኝ የምናወጣው ከጤነኛ እንሰት ብቻ ይሁን፡፡ ከሆሳዕና ገበያ ስንገዛም ከማን ጓሮ እንደመጣ እንጠይቅ፡፡

5. በተነቀለበት ቦታ ቶሎ እንሰት አንትከል፡፡ ቢያንስ ለ6 ወር ጎመን ወይም ሌላ ሰብል እናብቅልበት፡፡

አንድ ነገር ይቀራል፡፡ ብዙ ሰው እንዲህ ይላል፦ «ጎረቤቴ ቢላዋ ይዞ ሲመጣ አግለው ብለው ይከፋዋል፡፡ ጓሮህ በሽታ አለበት ያልኩት ይመስለዋል፡፡» እውነት ነው፤ ያስቸግራል፡፡ ስለዚህ ከራሳችን እንጀምር፡፡ ወደ ሰው ጓሮ ስንሄድ ሳንጠየቅ «እስቲ እሳት ስጡኝ፣ ቢላዋዬን ላግል» እንበል፡፡ ባለቤቱ ነገ እኛ ጓሮ ሲመጣ እንደዚያው ያደርጋል፡፡ ሁሉም ሲያደርገው ስድብነቱ ይቀርና ወግ ይሆናል፡፡

አንድ እንሰት እስኪደርስ ብዙውን ጊዜ ከ4 ዓመት በላይ ይፈጃል፡፡ ቢላዋ ማጋል ግን ቡና እስኪፈላ ድረስ እንኳ አይፈጅም፡፡

የመለማመጃ ጥያቄዎች

1. አጠውልግ መጀመሪያ የሚታየው የትኛው ቅጠል ላይ ነው?
2. እናትየዋ ቢላዋውን ለምን እሳት ላይ አደረጉት?
3. በጓሯችሁ ወይም በጎረቤት የጠወለገ እንሰት አለ? ምን ታደርጋላችሁ? በሁለት መስመር ጻፉና ወደ ክፍል ይዛችሁ ኑ፡፡

በሚቀጥለው ሳምንት ከጓሮ ጥራጊና ከከብት እበት ማዳበሪያ ስለ ማዘጋጀት እናነባለን፡፡ ደህና ሰንብቱ!