በአሮጌ ዕቃ የስፌት ቦታ ስለ ማሰናዳት

ደመወዙ ከቤት ኪራይና ከአስቤዛ የማይተርፍ ጸሓፊ፣ ወይም ቤተሰቡ በሚልክለት ገንዘብ የሚማር ተማሪ፣ የልብስ ስፌት መኪና በቤቱ ቢኖረው ምን ያህል ወጪ እንደሚቀንስለት አንባቢ ራሱ ያስላው። የተተረተረ ሱሪ፣ የጠበበ ቀሚስ፣ ከስልቫጅ የተገዛ ሰፊ ኮት፣ ሁሉም ልብስ ሰፊ ዘንድ በሄደ ቁጥር ገንዘብ ያስከፍላል። ነገር ግን መኪናውንም ጠረጴዛውንም ወንበሩንም አዲስ ልግዛ ያለ ሰው ዕዳ ገዝቶ ይመለሳል። የሚሻለው መንገድ ያገለገለ ዕቃ መግዛት ነው።

ይህም ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ርካሽ ማለት በዋጋው ያነሰው ሳይሆን ቤት ገብቶ የሚሠራው ነው። የማይሰፋ መኪና በስንትም ቢገዛ ውድ ነው።

በአዲስ አበባ የአሮጌ ዕቃ ገበያ ሲነሣ በመጀመሪያ የሚጠራው የመርካቶው ምናለሽ ተራ ነው። «ቆራሌው» እያሉ በየሰፈሩ የሚዞሩትም ከየቤቱ የሚሰበስቡት ዕቃ ብዙውን ጊዜ ወደዚያው ይሄዳል። ለጠረጴዛና ለወንበር ግን ሌላም በር አለ። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ያገለገለ ዕቃ በጨረታ ይሸጣሉ፤ ማስታወቂያውም በአዲስ ዘመን ጋዜጣ ላይ ይወጣል። ብዙ ጊዜ የሚሸጠው በጅምላ ስለ ሆነ ሦስት አራት ባልደረቦች ገንዘብ አዋጥተው ቢገዙና ቢካፈሉ ይጠቀማሉ።

መኪና ለመግዛት ሲሄዱ ሦስት ነገር ይያዙ፤ አዲስ መርፌ፣ ሁለት ቀለም ክርና ቁራጭ ጨርቅ። የደነዘዘ መርፌ ደኅናውን መኪና መጥፎ ያስመስለዋልና። በመጀመሪያ መዘውሩን በእጅዎ ወደ ራስዎ ያዙሩ። ከብዶ ቢዞር ወዲያው አይሽሹ፤ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ የደረቀ ዘይት ነው፤ በነጭ ጋዝ ታጥቦ የስፌት መኪና ዘይት ሲያገኝ ይላቀቃል። በዞረ ቁጥር አንድ ቦታ ላይ እየደረሰ የሚይዝ ወይም የሚንኳኳ ከሆነ ግን የታጠፈ ወይም የተበላ ነገር ሳይኖረው አይቀርም፤ ይተዉት። መርፌው የሚታሰርበትን ዘንግ ደግሞ በጣትዎ ይዘው ግራና ቀኝ ይነቅንቁ፤ መወዛወዝ የለበትም።

ከዚያም ጨርቁን አጥፈው፣ ከላይ ቀይ ከታች ነጭ ክር አድርገው፣ አንድ ክንድ ያህል ይስፉ። በደኅና ስፌት ቀዩ ከላይ፣ ነጩ ከታች ብቻ ይታያል፤ መያያዣው በጨርቁ መካከል ይደበቃል። ነጩ ወደ ላይ ከወጣ የላይኛው ክር ከርሯል ማለት ነው። ይህ ማጥበቂያውን በማላላት የሚስተካከል ስለ ሆነ ዋጋ ማስቀነሻ ነው እንጂ መኪናውን ለመተው ምክንያት አይሆንም። መርፌውም ክሩም በትክክል ገብተው ስፌቱ እየዘለለ ካስቸገረ ግን ባለሙያ ሳያዩት ገንዘብዎን አይስጡ።

የቆዳ ችንጋው ቢበጠስ አያሳስብ፤ በቀላሉ ይተካል። የታችኛው ክር የሚጠነጠንባት ቦቢን ግን ከነቤቷ መኖሯን ያረጋግጡ። በአንዳንድ የድሮ ሲንገሮች ቦቢኗ የምትቀመጠው እንደ ታንኳ በሾለ ቤት ውስጥ ነው፤ ያ ቤት ከጠፋ ምትኩን ማግኘት ያለፋል። በእግር የሚረገጥ መኪና ካገኙ ደግሞ መብራት ቢጠፋም ሥራዎ አይቋረጥም።

ሲንገር መኪናውን መሥራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1851 ነው፤ በየመኪናውም ላይ መለያ ቁጥር ታትሞበታል። በብዙዎቹ ላይ ይህ ቁጥር በቀኝ በኩል ከመቀመጫው ብረት ላይ ይገኛል። ቁጥሩ ተፍቆ ከሆነ እጅዎን ይሰብስቡ። የተሰረቀ ዕቃ መግዛት በሕግ ያስጠይቃል፤ ንብረቱም ለባለቤቱ ሲመለስ የከፈሉት ገንዘብ ቀልጦ ይቀራል። ስለዚህ የሻጩ ስምና የመኪናው ቁጥር የሠፈረበት ወረቀት በምስክር ፊት ያስፈርሙ።

መኪናው ከተገኘ በኋላ የቀረው ቀላል ነው። ጠረጴዛውን በሁለት እጅ ገፍተው ይሞክሩት፤ የሚነቃነቅ ጠረጴዛ ስፌት ያጣምማል። ወንበሩ ባለ ስፖንጅ ከሚሆን ባዶ እንጨት ቢሆን ይመረጣል፤ ትኋን በስፖንጅና በጨርቅ ውስጥ ተሸሽጎ ይመጣልና። እንጨቱንም ቢሆን ወደ ቤት ከማስገባትዎ በፊት መገጣጠሚያዎቹን በፈላ ውኃ ያጥቡ፤ ፀሐይም ላይ ያውሉት። መቀስ በአሮጌ ቢገዛ ይሳላል። የካውያ ገመድ ግን በአሮጌ አይገዛም፤ የተላጠ ገመድ ቤት ያቃጥላል።

ከሁሉ በላይ መኪናውን በመስኮት አጠገብ፣ ብርሃኑ በግራዎ እንዲሆን አድርገው ያስቀምጡ፤ መርፌው በግራ በኩል ነውና። ወንበሩም ጀርባዎን ሳያጎብጡ የሚያሠራዎ ይሁን። ብዙ ነገር በአሮጌ ይገኛል፤ ዓይንና ወገብ ግን ምናለሽ ተራም አይሸጡ።

ሁሉንም በአንድ ወር ለማሟላት አይቸኩሉ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፣ በዚህ ወር መኪናው፣ በሚመጣው ጠረጴዛው ቢገዛ፣ ማንም አበዳሪ በርዎን አያንኳኳም።

በሚመጣው ሳምንት ያለቀ የሸሚዝ ኮሌታ ተገልብጦ እንዴት እንደሚሰፋ እንመለከታለን።