ሳጥኑ ላይ የተጻፈው አምፔር ብረት አይቆርጥም

ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት አንድ ዶላር በባንክ በ57 ብር አካባቢ ይመነዘር ነበር። የውጭ ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዋጋው ከእጥፍ በላይ ሆኗል። በዜና ሲነገር ይህ ቁጥር ነው። በር፣ መስኮትና አጥር እየሠራ ለሚተዳደር ብየዳ ቤት ግን ትርጉሙ ሌላ ነው። ከውጭ የሚመጣ ማሽን ተሳስቶ የገዛ ሰው ስህተቱን የሚያርምበት ሁለተኛ ገንዘብ የለውም።

ሥራው የሰፋለት ብየዳ ቤት ብዙ ጊዜ ቀጥሎ የሚመኘው ፕላዝማ መቁረጫ ነው። ቢመኝ አይፈረድበትም። በግራይንደር ላሜራ ላይ ጌጥ ወይም ፊደል ማውጣት ጊዜ ይበላል፣ ዲስክ ይጨርሳል፣ ጣትም ያስፈራል። ኦክስጅንና አሲቴሊን ወፍራም ብረት ላይ ጎበዝ ነው፤ ስሱን ላሜራ ግን በሙቀት ያጣምመዋል፣ ስቴንለስና አሉሚኒየም ላይም አይሠራም። ፕላዝማ የታመቀ አየርን በኤሌክትሪክ አግሎ በጠባብ ቀዳዳ ስለሚያስወነጭፍ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ብረትን ሁሉ ይቆርጣል።

ጣጣው የሚጀምረው አመራረጡ ላይ ነው። ገዢው ሱቅ ገብቶ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት አምፔር ነው?» ብሎ ነው። ሻጩም «እስከ 20 ሚሊ ይቆርጣል» ይለዋል። ሻጩ ላይዋሽ ይችላል። ግን ማሽኑ ብረቱን እየታገለ የሚበጥስበት ውፍረትና ንጹሕ አድርጎ የሚቆርጥበት ውፍረት አንድ አይደሉም። ሳጥኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ነው፤ ገንዘብ የሚያስገኘው ግን ሁለተኛው ነው።

ስለዚህ ጥያቄው መጀመር ያለበት ከሱቁ ሳይሆን ከራሱ ከብየዳ ቤቱ ነው። ባለፉት ስድስት ወራት የተቆረጠው ብረት ስንት ሚሊ ነበር? ከአሥር ሥራ ዘጠኙ ከ1 እስከ 4 ሚሊ ላሜራ ከሆነ ደህና የተሠራ ባለ 40 አምፔር ማሽን ከበቂ በላይ ነው። ሥራው በአብዛኛው ቱቦላሬና ፌሮ ከሆነ ደግሞ ፕላዝማ ጨርሶ ላያስፈልግ ይችላል፤ ለቀጥታ ቆረጣ መቁረጫ ዲስክ ርካሽም ፈጣንም ነው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሉታል እንዲህ ያለውን ግዢ።

ቀጥሎ የሚታየው ማሽኑ ሳያርፍ ስንት ደቂቃ እንደሚሠራ ነው። የማሽኑ ሰሌዳ ላይ 40 አምፔር በ35 በመቶ ተብሎ ከተጻፈ፣ በዚያ ጉልበት ከአሥር ደቂቃ ውስጥ የሚቆርጠው ሦስት ደቂቃ ተኩል ብቻ ነው፤ በቀሪው ማረፍ አለበት። ይህም ቢሆን ሙሉ በሙሉ ለአዲስ አበባ የተጻፈ አይደለም። የእነዚህ ማሽኖች ዓለም አቀፍ መለኪያ የሚያስበው ከባሕር ጠለል እስከ 1,000 ሜትር ያለውን ከፍታ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ሲሳሳ ማሽኑን የሚያቀዘቅዘው ንፋስ ይደክማል። ኮምፕረሰሩም በአንድ ዙር የሚስበው አየር በባሕር ዳርቻ ከሚስበው በሩብ ያህል ያንሳል። ልኩ በልኩ የተገዛ ኮምፕረሰር እዚህ ሲደርስ አነስተኛ ሆኖ ይገኛል።

የአየሩ ነገር በዚህ አያበቃም። በክረምት ኮምፕረሰር ውስጥ የሚጠራቀመው ውሃ ከአየሩ ጋር ወደ ቶርቹ ከገባ ኖዝሉንና ኤሌክትሮዱን በአጭር ጊዜ ይበላቸዋል፣ ቆረጣውም ይበላሻል። ባለሙያው ግን ብዙ ጊዜ የሚረግመው ማሽኑን ነው። ጥሩ የውሃ ማጣሪያ መግጠምና በየቀኑ ጋኑን ማፍሰስ ከአዲስ ማሽን እጅግ ይረክሳል።

መብራቱም አለ። ባለ 40 አምፔር ፕላዝማ ሲቆርጥ ወደ 5 ኪሎዋት ይስባል። ባለ 3 ፈረስ ጉልበት ኮምፕረሰር ሲታከል ከ7 ኪሎዋት ያልፋል። ይህ በ220 ቮልት ከ30 አምፔር በላይ ነው። ከመኖሪያ ቤት ቆጣሪ በቀጭን ሽቦ ተስቦ ለሚሠራ ብየዳ ቤት መጀመሪያ መስተካከል ያለበት መስመሩ ነው። ማሽን ተገዝቶ ቆጣሪ የሚጠበቅ ከሆነ ላም አለኝ በሰማይ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ወሳኙ አላቂው ዕቃ ነው። ኖዝልና ኤሌክትሮድ እንደ ዲስክ ያልቃሉ። ገዢው ብር ከመቁጠሩ በፊት «የዚህ ቶርች ኖዝል አሁን መደርደሪያው ላይ አለ? ሌላ ሱቅስ ይገኛል?» ብሎ ይጠይቅ። መልሱ «እናስመጣለን» ከሆነ ይውጣ። ስመ ጥሩ ማሽን ኖዝል ከሌለው የተሸፈነ ብረት ነው፤ ብዙም የማይታወቅ ማሽን በየሱቁ የሚገኝ ቶርች ካለው ግን እንጀራ ያበላል።

«ድሃ ምርጫ የለውም፤ ርካሹን ገዝቶ ሠርቶ ያድግ» የሚሉ አሉ። ከእውነት የራቀ አይደለም። ርካሽ ማሽን ሁሉ መጥፎ አይደለም፤ ብዙ ሰው በርካሽ ብየዳ ማሽን ቤት ሠርቷል፣ ልጅ አስተምሯል። ግን ርካሽነት የሚለካው በመግዣው ዋጋ ሳይሆን አንድ ሜትር ላሜራ ለመቁረጥ በሚወጣው ወጪ ነው። ኖዝል፣ መብራት፣ ቆሞ የባከነ ቀን ሁሉ እዚያ ውስጥ ይገባል።

ይህ ሒሳብ የብየዳ ቤቱ ብቻ አይደለም። «ኢትዮጵያ ታምርት» ከተባለ ዓመታት ተቆጥረዋል። ማሽን በኪራይ መልክ የማቅረብ ሥራም ከአዋጅ ቁጥር 103/1990 ጀምሮ ሕግ አለው። በዚህ መንገድ ማሽን የሚያቀርብ ተቋም ዋጋ ማወዳደሪያውን ብቻ አይቶ ካጸደቀ ለወጣቶቹ የሚሰጣቸው ዕዳ ነው። ማሽኑ በኖዝል ምክንያት ቢቆም ወርሃዊ ክፍያው አይቆምም። ኮምፕረሰሩ፣ ማጣሪያው፣ የአንድ ዓመት አላቂ ዕቃና የሁለት ቀን ሥልጠና ከማሽኑ ጋር በአንድ ውል ይግቡ፤ ቆጣሪው አስቀድሞ ይታይ። ለዚህ ሲባል የማሽኑ አምፔር ዝቅ ቢል ማንም አይጎዳም።

ገዢውም ቢሆን ከቤቱ ሲወጣ ሁልጊዜ የሚቆርጠውን ቁራጭ ላሜራ በእጁ ይያዝ። ሻጩ ፊት ያስቆርጠው፣ ሳያቋርጥ አሥር ደቂቃ ያሠራው፣ የተቆረጠውን ጠርዝ በእጁ ይዳብስ። ይህን የማይፈቅድ ሱቅ ውስጥ ያለው ማሽን ስንት አምፔር እንደሆነ መጠየቅ አያስፈልግም።