ለሣር ዳኛ ነበረን፤ ለባሕርስ?

ድሮ መንዝ ጓሳ ላይ ያለ ጊዜው ሣር ያጨደ ሰው በማን ፊት እንደሚቀርብ ያውቅ ነበር። በዚያው ዘመን ምጽዋ ላይ ዕቃው የተያዘበት ነጋዴ ግን አቤት የሚልበት አልነበረውም። ስለ ባሕር በር ስንጨቃጨቅ ይህን ልዩነት የሚያነሳ ሰው የለም። ወሬው ሁሉ ስለ መርከብ፣ ስለ ጦርና ስለ ነገሥታት ነው። ነጋዴውና ውሉ ተረስተዋል።

እስቲ ደረታችንን የምንነፋበትን አንድ ታሪክ እናንሳ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ኮጃ ሙራድ የሚባል የአሌፖ ሰው፣ አርመናዊ ነጋዴ ነበር። ለአፄ ፋሲለደስ፣ ለልጃቸው ለዮሐንስና ለልጅ ልጃቸው ለታላቁ ኢያሱ በነጋዴነትም በመልእክተኛነትም አገልግሏል። ሕንድ ደርሷል፤ የሆላንድ ምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ መቀመጫ እስከነበረችው ባታቪያ፣ ማለትም እስከ ዛሬዋ ጃካርታ ድረስ ተመላልሷል። በ1693 ለንጉሡ ይዞት የመጣውን ዕቃ የምጽዋው ናይብ ሙሳ ያዘበት። ኢያሱ ምን አደረጉ? ወደ ደሴቲቱ እህል እንዳይወርድ አገዱ። ምጽዋ የምትበላው ከደጋ የሚወርደውን ነውና ናይቡ ዕቃውንና እጅ መንሻውን ይዞ ንጉሡ ፊት ቀረበ።

ጎሽ የኛ ንጉሥ! እንላለን። እኔ ግን ጥያቄ አለኝ፦ ዕቃው የንጉሡ ባይሆንስ ኖሮ? ከጎንደር የራሱን የዝሆን ጥርስ ጭኖ የወረደ አንድ ተራ ነጋዴ ቢቀማ ለእርሱ ሲባል የእህል መንገድ ይዘጋ ነበር? ደግሞስ እህል ሲታገድ መጀመሪያ የሚራበው ናይቡ ነው? ይህ ፍርድ አይደለም፤ ቁጣ ነው። ቁጣ ደግሞ አይወረስም። ኢያሱ በ1706 ሲገደሉ ለሚቀጥለው ነጋዴ የሚጠቅም አንድ መስመር ደንብ ከዚያ ድል አልተረፈም።

“ያኔ ሕግ የት ነበር?” የሚል ይኖራል። ነበረ እንጂ! ፍትሐ ነገሥት ስለ ሽያጭ፣ ስለ ብድር፣ ስለ መያዣ፣ ስለ ሽርክና ይናገራል። ችግሩ ሕጉ ባሕሩ ዳር ሲደርስ ማለቁ ነው። ምጽዋን ከ1557 ጀምሮ ኦቶማኖች ይዘዋት ነበር፤ ናይቡም በእነርሱ ስም ነበር የሚገዛው። ያው ሙራድ በ1664 የፋሲለደስን መልእክት ይዞ ወደ ሕንድ ሲሄድ ሺቫጂ የሱራትን ከተማ ዘረፈ፤ የኢትዮጵያ መልእክተኞችም አብዛኛውን ንብረታቸውን አጡ። ማንን ይክሰሱ? ለማንስ? ይህን ስንል አንድ ነገር አንሸፋፍን፦ ከያዙት “ዕቃ” ውስጥ ሰዎችም ነበሩ፤ ባሪያዎች። እነርሱማ በየትኛውም ወደብ አቤት የሚሉበት አልነበራቸውም።

አሁን ሆላንዶቹን እዩ። በ1603 የኩባንያው ሰዎች ሲንጋፖር አጠገብ ሳንታ ካታሪና የተባለችውን የፖርቱጋል መርከብ ማረኩ። ዘረፋ ነበር ብንል አንሳሳትም። ነገር ግን ጉዳዩን አምስተርዳም ፍርድ ቤት ወሰዱት፤ በ1604 ፍርድ ቤቱ ለእነርሱ ፈረደ። ሁጎ ግሮሺየስ የሚባል ወጣት የሕግ ሰውም ቀጥረው መከራከሪያ አስጻፉ። ከዚያ ጽሑፍ ውስጥ አንዱ ምዕራፍ በ1609 ተለይቶ ታተመ፤ ስለ ባሕር ነፃነት የሚከራከረው ያ መጽሐፍ እስከ ዛሬ የሕግ ተማሪ ያነበዋል። ዳኛው የራሳቸው ሰው ነበር፤ ቅዱሳን አልነበሩም። ነገር ግን የእነርሱ ጠብ ጽሑፍ ወለደ፤ የእኛ ጠብ ተረት ሆኖ ቀረ።

“እነሱ አውሮፓውያን ናቸው፤ ለእኛ አይሆንም” የምትሉ ወደ ጓሳ ተመለሱ። የመንዝ ገበሬ አውሮፓን ሳይጠይቅ ቄሮ የሚባል ሥርዓት (ስሙ ከፖለቲካው ቄሮ ጋር አይገናኝም) በዚያው በ17ኛው ክፍለ ዘመን ዘርግቷል። የአስቦና የጌራ ወገኖች አባ ቄራ ይመርጣሉ፤ ሣሩ ለዓመታት ይዘጋል፣ ቀን ተቆርጦ ይከፈታል፤ ያጠፋ ይቀጣል። ፍጹም አልነበረም፤ መብቱ በዘር ሐረግ ነበርና ውጭ የቀረ ብዙ ነው። ግን አባ ቄራው ሲሞት ደንቡ አብሮት አልሞተም። የ1975 የመሬት አዋጅ እስኪያፈርሰው ድረስ ቆየ፤ ከዚያም በኋላ ሕዝቡ በኮሚቴ መልሶ አደራጀው። ለቤት ክዳን ሣር ይህን ያህል የተጨነቀ ሕዝብ ለባሕር ንግድ ደንብ ማውጣት አይችልም ማለት ስድብ ነው።

ወደ ዘመናችን እንምጣ። በ1998 ጦርነቱ ሲፈነዳ የኢትዮጵያውያን ንብረት አሰብና ምጽዋ ወደብ ላይ ቀረ። ኢትዮጵያ በካሳ ኮሚሽኑ ፊት ከሰሰች፤ ኮሚሽኑ ታኅሣሥ 2005 ክሱን ውድቅ አደረገ። ያማል። ቢሆንም ለምን እንደተሸነፍን የሚያስረዳ የተጻፈ ውሳኔ አለ፤ አንብቦ መማር ይቻላል። ስንቶቻችን አነበብነው?

በመጋቢት 2018 ደግሞ በበርበራ ወደብ 19 በመቶ ድርሻ ልንይዝ ነው ተብሎ ጨፈርን። በ2022 የሶማሊላንድ የገንዘብ ሚኒስትር ኢትዮጵያ ግዴታዋን በጊዜው ስላላሟላች ድርሻውን አጥታለች አሉ። ልብ በሉ፣ የተተኮሰ ጥይት የለም። አመለጠ የተባለው በውል ነው። በጥር 2024 ከሶማሊላንድ ጋር ሌላ የመግባቢያ ሰነድ ሲፈረም ጽሑፉ ለሕዝብ ይፋ አልሆነም፤ እኛ ግን ሳናነብ ወይ አጨበጨብን ወይ ተሳደብን።

ስለዚህ “የባሕር በር” የሚል ሲመጣ ሦስት ነገር እንጠይቀው። ውሉ የት አለ? ጠብ ቢነሳ የሚዳኘው ማነው? ዕቃው የተያዘበት አንድ የመርካቶ ነጋዴ መንግሥት እስኪቆጣለት ሳይጠብቅ በራሱ ስም መክሰስ ይችላል? ለእነዚህ መልስ የሌለው ሰው ወደብ ቢያመጣልን እንኳ የሚያመጣልን የናይብ ሙሳን ምጽዋ ነው፤ ዕቃህ የሚለቀቀው ንጉሥ ከተቆጣልህ ብቻ የሆነበትን።